ሣር ለቃሚው ሺምፐር

በ1837 (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ አድዋ ገባ። ሥራው ሣርና ቅጠል መልቀም ነበር። የላከው በኤስሊንገን ከተማ የነበረ የጉዞ ማኅበር ነው፤ አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ እሱ የደረቀ ተክል ይልካል፣ ተክሉም ላዋጡት ይከፋፈላል። ዕቁብ በሉት፤ ዕጣው ቅጠል ሆነ እንጂ!

ማኅበሩ በ1842 ፈረሰ። ሰውየው ግን የትም አልሄደም። ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት፤ እዚሁ አገባ፣ ወለደ። ውቤ በ1855 ድል ሲሆኑ ሹመቱም አብሮ ሄደ። ኋላም አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ካሰሯቸው ፈረንጆች አንዱ ሆኖ በ1868 ተፈታ። ስለ ትግራይ እጽዋትና ስለ መሬቱ የጻፈው ረቂቅ ዛሬ ሎንዶን፣ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

ፈረንሳዮቹ እንዲህ አልቀናቸውም። በ1839 ከሌፌቭር ጋር ከመጡት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ኳርቲን ዲሎንን ንዳድ፣ ፔቲን የዓባይ አዞ ጨረሳቸው። የለቀሙት ግን ፓሪስ ደርሶ፣ ከ1847 ጀምሮ በአሺል ሪሻር እጅ የሐበሻ እጽዋት መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

እንግዲህ እኔን የሚከነክነኝ ይኸ ነው፦ ኮሶ ለምን እንደሚጠጣ፣ የትኛው አፈር ለጤፍ የትኛው ለገብስ እንደሚስማማ ገበሬው ፈረንጅ ሳይመጣ ያውቅ ነበር። «ሺምፐሪ» የሚል የላቲን ስም የያዘው ተክል ብዙ ነው። መንገድ ያሳየው እረኛ ግን በላቲን አልተጠመቀም።

ሺምፐር በ1878 አድዋ ሞተ። በርሊን የደረሰው አብዛኛው ስብስቡ በ1943 በቦምብ ተቃጠለ፤ ያ ዕቁብ ለብዙ ከተማ ያከፋፈለው ግን ተርፏል።