«ስልክ ዘጋ» እና «ሃንግ አፕ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ሐረጋዊ ግሥ ታሪክ ከነፋስ ስልክ አንጻር

በደቡባዊ አዲስ አበባ የሚገኘው የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚጠራበት የመጀመሪያው ስም ለቋንቋ መምህር የሚጠቅም ትምህርት አዝሏል። ዛሬ «ስልክ» ሲባል በሰሚው አእምሮ የሚመጣው የመነጋገሪያው መሣሪያ ነው። ቃሉ በመጣበት በዐረብኛ ግን «ሲልክ» ማለት ሽቦ ነው። ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈው ራዲዮ «ነፋስ ስልክ» ሲባል እንግዲህ፣ በቃሉ አመጣጥ ሲታይ፣ ሽቦው ነፋስ የሆነ ማለት ነው። እንግሊዞች ይህንኑ ነገር «ዋየርለስ»፣ ሽቦ የሌለው፣ ብለው ጠርተውታል። «ነፋስ»ን ለብቻ፣ «ስልክ»ንም ለብቻ ተርጉሞ ወደ ራዲዮ የሚደርስ ተማሪ አይኖርም፤ መሣሪያውን ያወቀ ግን ስሙን ወዲያው ይረዳዋል።

በእንግሊዝኛ ግሥን ከአንድ ንኡስ ቃል ጋር በማጣመር ከሁለቱም የራቀ ትርጉም የሚሰጠው አነጋገር ለባዕዳን ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚከብድ መሆኑን ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ አመልክቷል። ዛሬ የሚታወቅበትን «ፍሬዛል ቨርብ» (ሐረጋዊ ግሥ) የሚለውን ስያሜ በስፋት ያስተዋወቀው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ነገሩን በአንድ ስም ለመጥራት ይህን ያህል ከዘገዩ፣ በእኛ የመማሪያ ክፍሎች እስከ ዛሬ በዝርዝር መልክ እየተሸመደደ መቆየቱ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ቀላል አይደለም። ከጠላት ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ጎልቶ ይታይ የነበረው ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ቦታውን እንግሊዝኛ ወረሰ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎ አጽንቶታል። ስለዚህ አንድን ሐረጋዊ ግሥ በተሳሳተ መንገድ የተረዳ ተማሪ የሚቸገረው በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በፊዚክሱም በታሪኩም ክፍለ ጊዜ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው «ሃንግ አፕ» ነው። «ስልኩን ዝጋው» ለማለት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ብዙ ጊዜ «ክሎዝ ዘ ፎን» ብሎ ይጽፋል። መምህሩም በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ «ሃንግ አፕ» ብሎ ያርመዋል። ተማሪው «ሃንግ» መስቀል፣ «አፕ» ወደ ላይ መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ስልክ ወደ ላይ መስቀል ከንግግር ማብቃት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አይገባውም። መልሱ ያለው በሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ ሳይሆን በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያዎቹ የግድግዳ ስልኮች የመስሚያው ክፍል በጎን በኩል በወጣ ሜንጦ ላይ ይንጠለጠል ነበር። የመስሚያው ክብደት ሜንጦውን ወደ ታች ሲጫነው የመነጋገሪያው መስመር ይቋረጣል፤ ሲነሣ ሜንጦው ከፍ ብሎ መስመሩ ይገናኛል። ስለዚህ ንግግሩን ያበቃ ሰው በእርግጥ መስሚያውን ይሰቅል ነበር። ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሌላው ቃል «ሪንግ ኦፍ» ነው፤ ደዋዩ ንግግሩን ሲጨርስ በእጅ የሚዞረውን መዘውር አዙሮ ደወል በማሰማት መስመሩን እንዲለያይ ለስልከኛው የሚያመለክትበት ሥርዐት ነበርና። መዘውሩ ሲቀር ይህ ቃል እየተረሳ ሄደ። ሜንጦው ሲቀር ግን «ሃንግ አፕ» አልቀረም። ለምን አንዱ ቀርቶ ሌላው እንደ ቆየ ከቋንቋ ሕግ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. አዲስ አበባንና ሐረርን የሚያገናኘው መስመር ተዘረጋ። አማርኛም ለዚህ ባዕድ ነገር የራሱን ግሦች መደበለት። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል «ደወለ»ን ሰጠ፤ እንግሊዝኛውም «ሪንግ አፕ» ሲል ከደወል ስለ ተነሣ በዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ተገናኙ። በፍጻሜው ግን ተለያዩ። አማርኛው መስመሩን እንደ መንገድ ወይም እንደ በር ቈጥሮ «ዘጋ» አለ። እዚህ ላይ የሳይንስ መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። በኤሌክትሪክ ትምህርት «ክሎዝድ» የተባለው ዑደት ጅረት የሚተላለፍበት ነው፤ ስልክ «ሲዘጋ» ግን የሚሆነው ተቃራኒው፣ የዑደቱ መከፈት ነው። በአማርኛ «የተዘጋ»ን ከመቋረጥ ጋር ያቈራኘ ተማሪ «ክሎዝድ ሰርኪት» ሲባል ጅረቱ የቆመ ቢመስለው ስንፍና አይደለም።

«ሃንግ አፕ» በዚህ ብቻ አያበቃም። ካፖርትን በማንጠልጠያ መስቀልም ሃንግ አፕ ነው፤ በአሜሪካ አነጋገር አንድ ሥራ መጓተቱንም ያመለክታል፤ ጫማውን ሰቀለ የተባለ ስፖርተኛ ከጨዋታ ተሰናበተ ማለት ነው። ተማሪውን ይበልጥ የሚያሳስተው ግን «ሃንግ ኦን» ነው። በስልክ «ሃንግ ኦን» የተባለ ሰው እንዲጠብቅ፣ «ሃንግ አፕ» የተባለ እንዲዘጋ ታዟል፤ የሁለቱ ግሥ አንድ ሆኖ ትእዛዛቸው ግን ተቃራኒ ነው። «ሆልድ ኦን» ከመጀመሪያው ጋር ተመሳሳይ ሲሆን፣ «ሪንግ ኦፍ» የሁለተኛው አቻ ነበር። «ከት ኦፍ» ደግሞ ተናጋሪዎቹ ሳይፈልጉ መስመሩ መቋረጡን ስለሚያስረዳ በሁለተኛው ቦታ ሊገባ አይችልም። ተመሳሳይ ቃላት እየተባሉ በአንድ ሰንጠረዥ የሚደረደሩት እንዲህ ያለ ልዩነት አላቸው።

ከሁሉ የሚያስገርመው «ሃንግ አፕ ኦን» የሚለው ነው። ሰው እየተናገረ ሳለ ስልኩን መዝጋት ማለት ሲሆን፣ «ኦን» የሚለው ንኡስ ቃል ጥፋቱ በማን ላይ እንደ ደረሰ ይናገራል። አማርኛ ይህን «ዘጋበት» ብሎ በአንድ ቃል ይገልጸዋል። «ዘጋለት» እና «ዘጋበት» የሚሉትን ለይቶ የሚናገር የሰባት ዓመት ልጅ፣ ትንሽ ምዕላድ የግሥን ፍሬ ነገር እንዴት እንደምትለውጥ ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ይህ ዕውቀቱ በእንግሊዝኛው ክፍል ሲጠየቅ አይታይም።

እንደዚሁ «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ» በሚሉት ውስጥ «አለ» የመናገር ትርጉሙን ጥሎ ረዳት ብቻ ሆኗል፤ ዝም ያለ ሰው የተናገረው ነገር የለም። «አነሣ»ም ስልክ፣ ፎቶግራፍ፣ ጥያቄ፣ ክርስትና ያነሣል። እንግሊዝኛው «ፒክ አፕ» ስልክ ያነሣል፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ ቋንቋንም ከሰው ጋር በመዋል ያስለምዳል፤ በእኛ አገር ደግሞ የመኪና ስም ሆኖ ቀርቷል። ሁለቱ ግሦች በስልክ ላይ ይገናኛሉ፤ በክርስትና ላይ ይለያያሉ።

መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ችግር ተረድተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ሁለት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ታተሙ፤ አንዱ የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ፣ ሁለተኛው የቮልፍ ሌስላው ነው። ሌስላው ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ አስቀምጦ መላውን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ መተርጐሙ ለሐረጋዊ ግሥ የሚስማማ ዘዴ ነው፤ «ሃንግ አፕ» ከፊት ለፊቱ ካፖርት ወይም ስልክ ሳይኖር ትርጉሙ አይለይምና።

የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከተጀመረ ወዲህ የሚሰቀል መስሚያ የሌለው ትውልድ አድጓል። በእንግሊዝኛ አሁንም ይሰቀላል፣ በአማርኛም አሁንም ይዘጋል። በዚህ ላይ ወጣቶች «ሚስኮል አደረገ» እና «ሴቭ አደረገ» የሚሉትን ጨምረዋል፤ ባዕዱ ቃል እንደ ቀድሞው «ብድግ» እና «ቁጭ» በረዳት ግሥ ተደግፎ ቆሟል። ለሐረጋዊ ግሥ ምዕራፍ የሚያዘጋጅ የመጽሐፍ ጸሓፊ ከዝርዝሩ በፊት የዚያን አሮጌ የግድግዳ ስልክ ሥዕል፣ ከሥሩም «ዘጋ»፣ «ዘጋለት»፣ «ዘጋበት» የሚሉትን ሦስት ቃላት ለማስገባት ከግማሽ ገጽ የበለጠ ቦታ አያስፈልገውም።