የቱኒዚያ ቡድን በጋንግወን የወጣቶች የክረምት ኦሊምፒክ ያስመዘገበው ውጤት

በደቡብ ኮሪያ ጋንግወን አውራጃ በተካሄደው አራተኛው የወጣቶች የክረምት ኦሊምፒክ የቱኒዚያው ጆናታን ሉሪሚ በወንዶች ሞኖቦብ ውድድር ሁለተኛ በመውጣት ለአገሩ የብር ሜዳሊያ ያስገኘው ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 2024) ነው። ውድድሩን በአንደኛነት ያጠናቀቀው የአስተናጋጇ አገር ተወዳዳሪ ሶ ጃይሁዋን ሲሆን፣ የነሐስ ሜዳሊያውን የወሰደው የቻይናው ቺ ሺያንግዩ ነበር።

ቱኒዚያ በወጣቶች የክረምት ኦሊምፒክ ስትካፈል የጋንግወኑ የመጀመሪያዋ ነበር። በዋናው የክረምት ኦሊምፒክ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 2022 በተካሄዱት ጨዋታዎች አንድም ጊዜ አልተሰለፈችም። በአገሪቱ የቦብስሌይ መወዳደሪያ መስመር የለም። በሰሜን ምዕራብ ተራሮቿ አልፎ አልፎ የሚጥለው በረዶም ለስፖርት የሚበቃ አይደለም። አንዲት እንዲህ ያለች አገር በመጀመሪያ ተሳትፎዋ ከሜዳሊያ መድረክ ላይ መውጣቷ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መመርመሩ፣ የስፖርት ዘርፉን ለሚመሩ ኃላፊዎች ከውጤቱ ይልቅ ይጠቅማል።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል። በአማርኛ “የክረምት ኦሊምፒክ” የሚለው አጠራር የተለመደ ቢሆንም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግር ማሰኘቱ አይቀርም። በእኛ አገር ክረምት ዝናብ የሚጥልበት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ወቅት ሲሆን፣ እነዚህ ጨዋታዎች የሚካሄዱት ግን በጥርና በየካቲት፣ በበጋው እኩሌታ ነው። የጋንግወኑ ጨዋታ የተከፈተው ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በከተራ ዕለት ሲሆን፣ የተዘጋው ጥር 23 ቀን ነበር። የውድድሩ ይዘት ከወቅቱ ስም ይልቅ ከበረዶ ጋር የተያያዘ በመሆኑ “የበረዶ ኦሊምፒክ” ቢባል ይበልጥ ግልጽ በሆነ ነበር።

የወጣቶች ኦሊምፒክ የተመሠረተው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 በጓቲማላ ሲቲ ባካሄደው ጉባዔ በወቅቱ ፕሬዚዳንት በዣክ ሮግ ዘመን በተላለፈ ውሳኔ ነው። የመጀመሪያው የበጋ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2010 በሲንጋፖር፣ የመጀመሪያው የክረምት ጨዋታ ደግሞ በ2012 በኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ተካሂዷል። የክረምቱ ጨዋታ በ2016 በኖርዌይ ሊልሃመር፣ በ2020 በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተስተናገደ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እስያ ያመራው በጋንግወኑ ዝግጅት ነው። በዚሁ ጨዋታ ወደ 80 ከሚጠጉ አገሮች የተውጣጡ 1 ሺህ 800 ያህል ታዳጊዎች በ81 የውድድር ዓይነቶች ተፎካክረዋል።

ሞኖቦብ ከእነዚህ ውድድሮች አንዱ ነው። ቦብስሌይ በቧንቧ ቅርጽ ተቆፍሮ በበረዶ በተለበጠ ጠመዝማዛ መስመር ላይ፣ ፊቱ በተሸፈነ ጋሪ መሰል ተንሸራታች ቁልቁል የሚወረድበት ስፖርት ነው። በዋናው ኦሊምፒክ ለረጅም ጊዜ ሲካሄድ የቆየው ሁለት ወይም አራት ሰዎች በአንድ ጋሪ ሆነው ነው። በሞኖቦብ ግን ተወዳዳሪው ብቻውን ነው። ጋሪውን ከመነሻው ላይ እየገፋ በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል፣ ፍጥነት ሲያገኝ ዘሎ ይገባል፣ ከዚያም ከፊት መንሸራተቻዎቹ ጋር በተያያዙ ሁለት ገመዶች እየመራ ኩርባዎቹን ያልፋል። የመጨረሻውን መስመር ካለፈ በኋላ ፍሬን የሚይዘውም ራሱ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። በወጣቶች ውድድር አሸናፊው የሚለየው የሁለት ዙር ሰዓት ተደምሮ ነው። አንዱን ዙር አሳምሮ ሁለተኛውን ያበላሸ ወጣት ከመድረኩ ይወርዳል ማለት ነው።

ሞኖቦብ በወጣቶች ጨዋታ ላይ የሁለት ሰዎችን ውድድር ተክቶ የገባው እ.ኤ.አ. በ2016 ሊልሃመር ላይ ነው። በ2020 የተካሄደውም በስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ በተፈጥሮ በረዶ በሚሠራው ጥንታዊ መስመር ነበር። ይህ የውድድር ዓይነት ለድሃ አገሮች በር የከፈተበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአዋቂዎች ቦብስሌይ ጀርመንን የመሳሰሉ አገሮች ጋሪዎቻቸውን በምርምር ተቋማት ያሠራሉ። ስለሆነም ውድድሩ የአትሌቶች ብቻ ሳይሆን የመሐንዲሶችም ይሆናል። በወጣቶች ሞኖቦብ ግን ሁሉም የሚወዳደሩት በአንድ ዓይነት ጋሪ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያስፈልግ በመሆኑም አገሮች ሙሉ ቡድን የማደራጀትና የማጓጓዝ ወጪ የለባቸውም። ልዩነቱን የሚያመጡት የመነሻው ሩጫና የመንዳት ብልሃት ናቸው። ሁለቱም በሥልጠና የሚገኙ ናቸው።

ሥልጠናው ደግሞ መስመር ይጠይቃል። የቱኒዚያ ታሪክ ከደቡብ ኮሪያ ታሪክ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ደቡብ ኮሪያ ለ2018 የፒዮንግቻንግ ክረምት ኦሊምፒክ በአልፔንሲያ 16 ኩርባዎች ያሉት የመንሸራተቻ ማዕከል ገንብታ ነበር። ከጨዋታው ፍጻሜ በኋላ የማዕከሉን የሥራ ማስኬጃ ወጪ ማን ይሸፍን በሚለው ጥያቄ ሳቢያ መስመሩ ለጊዜው አገልግሎት አቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በከፍተኛ ወጪ የተሠሩ የኦሊምፒክ ስፍራዎች ከበዓሉ ማግሥት ባዶ መቅረታቸው በብዙ አገሮች የታየ ችግር ነው። በፒዮንግቻንግ ከተወሰዱት መፍትሔዎች አንዱ በጨዋታው ስም የተቋቋመው ፋውንዴሽን በረዶ ለሌላቸው አገሮች ታዳጊዎች ያዘጋጀው የሥልጠና መርሐ ግብር ነው። የቱኒዚያ ወጣቶች ቦብስሌይን የተማሩት በዚሁ መርሐ ግብር ታቅፈው ሲሆን፣ ሜዳሊያውም የተገኘው በዚያው በሠለጠኑበት መስመር ላይ ነው።

ጋንግወን ለዚህ ዓይነት ሥራ እንግዳ አይደለም። አውራጃው ገና ኦሊምፒክን ለማስተናገድ በሚወዳደርበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ፣ በረዶ ከማይጥልባቸው አገሮች ወጣቶችን እየጋበዘ የበረዶ ስፖርቶችን የሚያስተምርበት “ድሪም ፕሮግራም” የተባለ ዝግጅት ነበረው። ዓላማው የአስተናጋጅነት ድምፅ ማሰባሰብም ጭምር እንደነበረ መገመት አያዳግትም። ይሁንና ልምዱ ከምርጫው በኋላም መቀጠሉ በበጎ የሚታይ ነው።

በሴቶች ሞኖቦብ ሶፊ ጎርባልና ቤያ ሞክራኒ ለቱኒዚያ የተሰለፉ ሲሆን ሜዳሊያ ውስጥ አልገቡም። በዚያው ውድድር የወርቅ ሜዳሊያውን ዴንማርካዊቷ ማያ ቮይት፣ የብሩን ደግሞ ታይላንዳዊቷ አግኔሴ ካምፔኦል ወስደዋል። የታይላንድ ወጣቶችም የዚሁ የኮሪያ መርሐ ግብር ተጠቃሚዎች ነበሩ። ሁለት ሞቃታማ አገሮች በአንድ ጨዋታ፣ በአንድ ስፖርት፣ ከአንድ የሥልጠና ምንጭ የብር ሜዳሊያ ማግኘታቸው ነገሩ በአንድ ወጣት ተሰጥኦ ብቻ የሚገለጽ እንዳልሆነ ያሳያል።

ሉሪሚ በወጣቶች የክረምት ኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው የአፍሪካ አገር ተወካይ ግን አይደለም። በመጀመሪያው የኢንስብሩክ ጨዋታ በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ሞሮኮን የወከለው አዳም ላምሃመዲ በተራራ ሸርተቴ የሱፐር ጂ ውድድር ወርቅ አግኝቶ ነበር። በየትኛውም የክረምት ኦሊምፒክ መድረክ ለአፍሪካ አገር የተገኘ የመጀመሪያው ሜዳሊያም ይኸው ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ሞሮኮ ደግሞ በ1968 በዋናው የክረምት ኦሊምፒክ መሰለፍ ቢጀምሩም እስከ 2022ቱ የቤይጂንግ ጨዋታ ድረስ ከአፍሪካ አገሮች በአዋቂዎች ደረጃ ሜዳሊያ ያገኘ የለም።

የላምሃመዲና የሉሪሚ መንገዶች ተመሳሳይ አይደሉም። ላምሃመዲ ከሞሮኳዊ አባት በካናዳዋ ኩቤክ ተወልዶ ያደገ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በበረዶ ላይ የሠለጠነ ወጣት ነበር። በዚያው የኢንስብሩክ ጨዋታ ኤርትራን የወከለው ሻነን አበዳም እንዲሁ ከኤርትራውያን ወላጆች በካናዳ የተወለደ ነው። አበዳ በኋላ በ2018 የአገሩ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሆኖ በጃይንት ስላሎም 61ኛ፣ በ2022 ቤይጂንግ ላይ ደግሞ 39ኛ ሆኖ አጠናቋል። በአራት ዓመት ውስጥ የታየው መሻሻል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሊልሃመር ኬንያን የወከለችው ሳብሪና ሲማደርም ያደገችው በኦስትሪያ ነው።

አብዛኞቹ የአፍሪካ የክረምት ስፖርት ተወካዮች ከውጭ አገር ነዋሪዎች መካከል የተገኙ መሆናቸው አንዳንድ ጊዜ ትችት ያስነሳል። ትችቱ ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። አንድ ተወዳዳሪ ብቻውን ሲመጣ ውጤቱ ከእሱ ጋር ሄዶ ይቀራል፤ አገር ውስጥ አሠልጣኝም፣ ክለብም፣ ተተኪም አይተውም። በሌላ በኩል የኦሊምፒክ ቻርተር የሚጠይቀው ተወዳዳሪው የሚወክለው አገር ዜጋ መሆኑንና በአገሩ ኦሊምፒክ ኮሚቴ መመዝገቡን እንጂ የት እንደተወለደ አይደለም። የሥልጠና መርሐ ግብሩ መንገድ ከዚህ የሚለየው ከውጭ የተገኘውን ዕድል ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በአገር ስም ለተደራጀ ቡድን ማዋል በማስቻሉ ነው።

ናይጄሪያ ሌላ ምሳሌ ናት። የቀድሞዋ የመሰናክል ሯጭ ሹን አዲጉን ሁለት ጓደኞቿን አስተባብራ በአሜሪካ ሂውስተን ከእንጨት በሠራችው ጋሪ ልምምድ ጀምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በኦሊምፒክ ቦብስሌይ የተሰለፈው የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን መሪ ለመሆን በቅታለች። ቡድኑ ከተወዳዳሪዎቹ መጨረሻ ቢወጣም በአገሪቱ የበረዶ ስፖርት ፌዴሬሽን እንዲደራጅ ምክንያት ሆኗል። በጋንግወን ናይጄሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰለፈችው የከርሊንግ ቡድን ነበር።

ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም ነው። በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሮቤል እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቶሪኖ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ሸርተቴ 83ኛ፣ በ2010 በካናዳ ቫንኩቨር ደግሞ 93ኛ ሆኖ አጠናቋል። በ2014፣ በ2018 እና በ2022 በተካሄዱት ጨዋታዎች ግን የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ አልታየም። አንድ ሰው የከፈተው በር ተከታይ ሲያጣ መዘጋቱ ከላይ የተነሳውን ነጥብ ያጠናክራል። ኢትዮጵያ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ጨዋታ ድረስ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ ከአትሌቲክስ፣ ያውም ከመካከለኛና ከረጅም ርቀት የመጡ ናቸው። ቦብስሌይ የሚፈልገው ግን የአጭር ርቀት ፍጥነትና የሰውነት ጉልበት በመሆኑ፣ የሩጫ ዝናችን በቀጥታ የሚተላለፍበት ስፖርት አይደለም። ለጽናት ሯጮች የሚቀርበው ሮቤል የመረጠው አገር አቋራጭ ሸርተቴ ነው።

የጋንግወን አውራጃ ስም ለኢትዮጵያውያን አዲስ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። በኮሪያ ጦርነት ከ6 ሺህ በላይ ወታደሮች ያሰለፈው የቃኘው ሻለቃ የተዋጋው በአብዛኛው በዚያው አካባቢ ተራሮች ነው። ብዙዎቹ ወታደሮች በረዶ የረገጡት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ነበር። በአውራጃው ዋና ከተማ ቹንቾን እ.ኤ.አ. በ1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት የቆመ ሲሆን፣ ከአጠገቡ የኢትዮጵያን ስም የያዘ ቡና ቤት በዚያው ዓመት ተከፍቷል። በ2007 ደግሞ የዘማቾቹ መታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቷል። ቹንቾንና አዲስ አበባ የእህትማማችነት ስምምነት ያላቸው ከተሞች ናቸው። በረዶ ለሌላቸው አገሮች ወጣቶች የሥልጠና ዕድል በሚሰጥ አውራጃ ውስጥ ይህን የመሰለ የቆየ ወዳጅነት ያላት አገር ለማመልከት የምትቸገርበት ምክንያት አይታይም።

ለመሳተፍ የሚያስፈልገው ሥርዓት ግን ቀደም ብሎ መጀመርን ይጠይቃል። በስፖርቱ ዓይነት የተቋቋመ ብሔራዊ ፌዴሬሽን መኖር፣ ፌዴሬሽኑም በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መታወቅ ይኖርበታል። ተወዳዳሪዎች በማጣሪያ ውድድሮች ነጥብ ማስመዝገብ አለባቸው። የመጨረሻውን ምዝገባ የሚያካሂደው ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ብቻ ነው። በወጣቶች ጨዋታ የዕድሜ ገደቡ ጠባብ በመሆኑ ዘንድሮ ብቁ የሆነ ታዳጊ ለቀጣዩ ዙር ላይደርስ ይችላል። ስለሆነም ምልመላው ከጨዋታው በፊት ቢያንስ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድሞ፣ ገና በ13 እና በ14 ዓመታቸው ካሉት ልጆች መጀመር ይኖርበታል። ከጋንግወን ቀጥሎ ያለውን አምስተኛውን የወጣቶች የክረምት ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ2028 እንዲያስተናግዱ የተመረጡት በሰሜን ጣሊያን የሚገኙት የዶሎሚቲና የቫልቴሊና አካባቢዎች ናቸው።