ባለቤቱን ሳይጠይቁ

መቼም ላሊበላ የሄደ ሰው ቀና ማለቱ አይቀርም። እኔም በቤተ ማርያም ግቢ ቆሜ ቀና ስል ያየሁት ሰማይ አልነበረም፤ የብረት ምሰሶና ሰፊ ጣራ ነው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን የሚከልሉ አራት መጠለያዎች ተተክለዋል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የላስታ ክረምት ድንጋዩን እየቦረቦረ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ደግሞም ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነበር። (ጊዜያዊ የሚባል ነገር እኛ አገር ስንት ዓመት እንደሚኖር ታውቁታላችሁ።)

ያንን ድንጋይ ላክመው ያለ ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የመጡ ጠጋኞች ዝናብ እንዳያስገባ ብለው ሬንጅ ቀቡት፤ በላዩም ቀይ ቀለም ደረቡበት። ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራ ቡድን ያንኑ ሲፍቅ ከረመ። እንግዲህ የላሊበላ ሰው ባለሙያ ሲመጣበት ቢጠራጠር ምን ይገርማል? በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሺዎች አደባባይ ወጡ። የብረቱ ክብደት ድንጋዩን ይጎዳብናል፣ መጠለያውን አንሱልን አሉ።

ከዚያ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ በጉጂም ሕዝብ በለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ላይ ተነሥቶ ነበር። የማዕድኑ ኬሚካል ሰውና ከብት ጎዳብን የሚለው ነዋሪ ፈቃዱ ለ10 ዓመት መታደሱን ሲሰማ ተቆጣ፤ መንግሥትም በግንቦት 2010 ፈቃዱን አገደ። አንዱ ሊጠብቅ፣ ሌላው ወርቅ ሊያወጣ የመጣ ነውና አታወዳድር ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን በሁለቱም ቦታ ነዋሪው የተናገረው ሥራው ካለቀ፣ ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ነው።

ወረቀት ደግሞ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አውስትራሊያ አሳይታናለች። በግንቦት 2012 ሪዮ ቲንቶ የተባለው ኩባንያ ብረት ፍለጋ ጁካን ጎርጅ የተባለውን ዋሻ በፈንጂ አፈረሰው። ሰው ከ46 ሺህ ዓመት በፊት የተጠለለበት፣ ለአገሬው ተወላጆች የተቀደሰ ቦታ ነበር። ባለቤቶቹ ለማስቆም ለመኑ፤ ኩባንያው ግን ሕጋዊ ፈቃድ በእጁ ነበረ። አለቃው በኋላ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ዋሻው ግን አይመለስም።

ላሊበላ ዕድል አላት፤ ድንጋዩ እንደ ቆመ ነው። በመጋቢት 2011 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው ድጋፍ ቃል ገቡ፤ ጥናትም ተጀመረ። እኔ የምለው፣ ባለሙያው መለኪያውን ከመዘርጋቱ በፊት ያንን ግቢ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠርግ የኖረውን አገልጋይ የትኛው ስንጥቅ በየትኛው ክረምት እንደ ሰፋ ይጠይቀው።