እንሰትን በመልኩ የመለየት ጥበብ በዶርዜ

ዶርዜ ስሙ የሚነሣው በሽመናውና በረጃጅም የቀርከሃ ቤቶቹ ነው፤ ጓሮው ውስጥ ያለው የእንሰት ዕውቀት ግን እምብዛም አይወራለትም። ዶርዜ የሚገኝበት የጋሞ ደጋ ገበሬዎች፣ በተለይም ሴቶቹ፣ የእንሰት ዝርያዎችን እያንዳንዱን በስሙ ይጠራሉ። የሚለዩትም በግንዱ ቀለም፣ በቅጠሉ አቋምና በመሃል አጥንቱ ቅላት ነው። ብርድ የሚችለውን፣ ለቆጮ ወይም ለቃጫ የሚሻለውንም ያውቃሉ። ይህ ዝም ብሎ ልማድ ሳይሆን በማስተዋል የተገነባ ሥርዓት ነው። ገበሬው እንሰትን የሚያራባው በዘር ሳይሆን ከአሚቾው (ከሥር ግንዱ) በሚያስበቅለው ችግኝ ስለሆነ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ በመልክ የተሰጠው ስምም ከተክሉ ጋር ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሻገራል።

ስሞቹ ይደጋገማሉ፣ አንዱ ተክል በየመንደሩ ሌላ ስም አለው የሚል ተቃውሞ አለ፤ እውነትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የዘረመል ጥናት ከከፋ-ሸካ፣ ከሲዳማ፣ ከሀዲያና ከወላይታ የተሰበሰቡ 146 ዓይነቶችን መርምሮ 58ቱን በ21 ተመሳሳይ ቡድኖች መድቧቸዋል። ይሁንና ቀሪዎቹ 88 እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚቆሙ ሆነው ተገኝተዋል። ቋንቋቸው የተለያየ አራት አካባቢዎች ለአንድ ተክል ሁለት ስም ቢያወጡለት ምን ይገርማል? የገበሬው ዓይን ከቤተ ሙከራ በፊት አብዛኛውን በትክክል ለይቶ ነበር። ይህ ዕውቀት በሽታን ለመከላከልም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ የተመዘገበውን የእንሰት አጠውልግ በሽታ ዝርያዎቹ እኩል አይቋቋሙትም፤ ተመራማሪ የሚቋቋመውን ዝርያ ሲፈልግ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት የጓሮዋን ባለቤት ነው።