ቴክኖሎጂና የሀገር ደኅንነት፤ ከአርሲ ደጋ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

እንደሚታወቀው የአንድ ሀገር ደኅንነት የሚጠበቀው በድንበር ላይ በሚቆመው ወታደር ብቻ አይደለም። ገበሬው የሚዘራው ዘር፣ ማሳው የሚታረስበት መሣሪያ፣ መልእክት የሚተላለፍበት መስመር ሁሉ የደኅንነት ምሰሶዎች ናቸው። በመሆኑም አዲስ ቴክኖሎጂ ለማስገባት የሚያቅድ ሰው ከዋጋው ጋር ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል። ምንጩ ከየት ነው? የሚጠቅመው ማንን ነው? የሚጠብቀውስ ማን ነው? ይህ ጽሑፍ የአሰላንና የአካባቢዋን ታሪክ መነሻ በማድረግ እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ ሲቀሩ የሚከተለውን ጉዳት ለማብራራት ይሞክራል።

የመሣሪያው ምንጭ

በ1870ዎቹ ዓመታት የራስ ዳርጌ ጦር ወደ አርሲ በተደጋጋሚ በዘመተበት ወቅት የአርሲ ኦሮሞ ለበርካታ ዓመታት ተከላክሏል። በ1878 ዓ.ም. መጨረሻ በአዙሌ በተደረገው ውጊያ ግን በጦርና በጋሻ የተሰለፈው ፈረሰኛ ከአውሮፓ በመጣ ጠመንጃ ፊት ከባድ እልቂት ደረሰበት። የጀግንነት ጉድለት አልነበረም፤ ልዩነቱን የፈጠረው መሣሪያው ነበር።

ያ መሣሪያ ግን ለባለቤቱም ከውጭ የተገኘ ነበር። ከ50 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው፣ የኢትዮጵያ ጦር በተራው አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ከታጠቀ ወራሪ ጋር ተጋጠመ። ከዚህም በላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከውጊያው አስቀድሞ ለእቴጌ መነን በሬዲዮ ያስተላለፉት መልእክት በጣሊያኖች ተጠልፎ ስለነበር ጠላት የሚመጣበትን ጥቃት ዐውቆ ጠበቀ። ሬዲዮው የሩቁን አቅርቦ ነበር፤ ምስጢሩን የመጠበቅ ችሎታ ግን አብሮት አልመጣም።

ትራክተሩና ጭሰኛው

ከነጻነት በኋላ ቴክኖሎጂ ወደ አርሲ የገባው በእርሻ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመውና ካዱ በሚል አጠራር የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማእከሉን አሰላ ላይ አደረገ። ድርጅቱ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የብድር አገልግሎትና የተዳቀሉ ከብቶችን አቀረበ፤ በበሬ የሚጎተቱ የተሻሻሉ ማረሻዎችንና ጋሪዎችንም ሞከረ። ዓላማው አነስተኛ ባለይዞታውንና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። የስንዴ ምርትም በእርግጥ አደገ።

ይሁን እንጂ የመንግሥት ፖሊሲ በሌላ በኩል የእርሻ መሣሪያና ነዳጅ ከቀረጥ ነጻ እንዲገባ ፈቅዶ ነበር። ስንዴ አትራፊ መሆኑን የተረዳው ባለርስት ትራክተር ገዝቶ ማሳውን ራሱ ማረስ ሲጀምር ጭሰኛው ከኖረበት መሬት ተፈናቀለ። ድርጅቱ ብድሩን ለአነስተኛ ገበሬዎች ብቻ በመወሰን ጉዳቱን ለመግታት ቢሞክርም የባለርስቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት የሚደነግገው ሕግ በምክር ቤቱ ሳይጸድቅ ቀረ። ጥያቄው እልባት ያገኘው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ከዚህ የምንረዳው ምርትን የሚያሳድግ ቴክኖሎጂ ማኅበራዊ መሠረቱ ሳይስተካከል ሲገባ የሀገርን ሰላም የሚያናጋ መሆኑን ነው።

በአንድ ዘር ላይ መተማመን

በካዱ ዘመን ከአሰላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የተመሠረተው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ ዛሬ የሀገሪቱ የስንዴ ምርምር ዋና ማእከል ነው። ታሪኩ ግን ስለ ጥበቃም ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተነሣው ቢጫ ዋግ ኩብሳ በተባለው፣ ገበሬው በሰፊው በሚዘራው የስንዴ ዝርያ ላይ ከፍተኛ ጉዳት አደረሰ። ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ የተባለው ዝርያ በፍጥነት ተባዝቶ ተሠራጨ። ሦስት ዓመት ያህል እንደ ቆየ ግን ዲገሉን የሚያጠቃ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት ተከሠተና በባሌና በአርሲ ብዙ ማሳ አወደመ። ሰፊው ማሳ የተዘጋው በአንድ ዓይነት ቁልፍ ስለነበር አንድ ጠላት ሁሉንም በሮች በአንድ ጊዜ ከፈታቸው።

ስንዴ የማእድ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ በ2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ በዓለም ገበያ በታየው የዋጋ ንረት ተረጋግጧል። ስንዴ ከውጭ የሚያስገባ ሀገር የሌሎች ጠብ በራሱ ዳቦ ላይ ይደርሳል።

ከማሳ ወደ መረብ

ዋግን ለመከላከል ዛሬ የነፋስ አቅጣጫና የአየር ትንበያ በኮምፒውተር እየተሰላ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ገበሬውም በ2006 ዓ.ም. በተጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት ምክር ማግኘት ችሏል። እንግዲህ የማሳው ደኅንነት ከመረጃ መረቡ ደኅንነት ጋር ተያይዟል። መረቡ ቢቋረጥ ወይም የሐሰት መረጃ ቢገባበት ማስጠንቀቂያው በጊዜው አይደርስም።

ሥጋቱ ምናባዊ አይደለም። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም.፣ የታላቁ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በተቃረበበት ጊዜ፣ መቀመጫቸውን ግብፅ ያደረጉ ቡድኖች በኢትዮጵያ ተቋማት ድረ ገጾች ላይ ጥቃት መሠንዘራቸውንና ሙከራው መክሸፉን በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ አስታውቋል። የማይጨው ሬዲዮ ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል ማለት ይቻላል። ሕጉም ቀስ በቀስ ተሟልቷል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ በ2008፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል። ነገር ግን ሕግ ብቻውን አይጠብቅም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በጎበኘው አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች ውጤት የሚመዘገብበት ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ማንም እንዲያየው በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። ርእሰ መምህሩ ሲጠየቁ «ማን ይነካዋል ብለን ነው» አሉ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት የሚከተሉት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የታሪክ መምህር አዙሌንና ማይጨውን ሲያስተምር የጀግኖችን ስም ከመቁጠር አልፎ መሣሪያው ከየት እንደ መጣ እንዲጠየቅ ያድርግ። ሁለተኛ፣ የእርሻና የሳይንስ መምህር የኩብሳንና የዲገሉን ታሪክ እንደ ምሳሌ ይጠቀምበት፤ የዝርያ መለያየት ያለውን ጥቅም ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሦስተኛ፣ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ለኮምፒውተር መግዣ በጀት ሲይዙ ለመጠገኛውና ለጥበቃ ሥልጠናው አብረው ይያዙ። ይህ ካልሆነ ነገሩ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። የአርሲ ገበሬ ዘሩን ጎተራ ከከተተ በኋላ ጎተራውን ሳይዘጋ አያድርም። የተማረውም ክፍል በእጁ በገባው መረጃ ላይ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይገባም።