ቆብና ጡረታ

በቀደመው ዘመን በደጋው ኢትዮጵያ፣ ጉልበቱ የደከመ ገበሬም ሆነ ከአደባባይ የተሰናበተ ሹም፣ የእርጅናውን ቀለብ የሚጠብቀው በአብዛኛው ከርስቱና ከልጆቹ ነበር፤ ስለዚህም ልጆቹን እየዳረ መሬቱን ሲያካፍል ለራሱ የሚበቃውን ያስቀራል፣ በኋላም አብሮት ተቀምጦ ለሚጦረው ልጅ የተሻለውን ድርሻ በኑዛዜ ይተዋል። ለንጉሠ ነገሥቱ ያገለገለ ወታደር ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር። ጧሪ ቀባሪ ያጣ ሰው ግን፣ ስሙ የከበረ ቢሆን እንኳ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምጽዋት ከመጠበቅ በቀር መጠጊያው ጥቂት ነበር።

የእንጀራው ነገር እንዲህ ሲሆን፣ የልቡናው ነገር በሌላ መንገድ ይፈጸም ነበር። በሰማንያ ተጋብተው ወልደው ያሳደጉ ባልና ሚስት፣ ዕድሜያቸው ሲገፋ ለንስሐ አባታቸው ተናዝዘው አብረው ይቆርባሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጋብቻቸውን ከሞት በቀር የሚፈታው የለም። ከሁለቱ አንዱ ሲያርፍ የቀረው፣ ይልቁንም ባልቴቲቱ፣ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ወይባ ለብሳ፣ ቆብ ትደፋለች። የሚመነኩሰው ሰው ለዓለም ሙት ነውና በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፣ አዲስ ስምም ይቀበላል። ይህ ሥርዓት የሚያስፈራ ቢመስልም፣ እርጅናን ማዕርግ እንጂ ጉድለት አድርጎ ባለመቁጠሩ እኔ እጅግ አከብረዋለሁ፤ ትናንት የቤቱ እመቤት የነበረችው፣ ጓዳውን ለምራቷ አስረክባ፣ መቋሚያዋንና መቁጠሪያዋን ይዛ በሌሊት ወደ ኪዳን ትገሠግሣለች፣ መንደርተኛውም «እማሆይ» እያለ ጕልበቷን ይስማል፣ ጠበኞችም በፊቷ ይታረቃሉ። ዐፄ ካሌብ ራሱ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ሰድዶ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ መነኮሰ የቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይመሰክራል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት እየበዛ፣ በወር ደመወዝ የሚተዳደር፣ ርስቱን ርቆ በከተማ የሚኖር ጸሐፊና መምህር እየተበራከተ ሲሄድ ግን፣ የቀድሞው መደገፊያ አልበቃ አለ፤ በዚህም ምክንያት በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። ልጅ ያልወለደው ሠራተኛ የሰው ፊት ሳያይ እንዲያረጅ፣ ሲሞትም ሚስቱና ልጆቹ ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ያደረገ ሕግ በመሆኑ፣ ከዘመናችን መልካም ሥራዎች አንዱ ነው። ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ መውጫው ዕድሜም በመደበኛው 60 ዓመት ነው።

ነገር ግን አዋጁ እንጀራውን ሲሰጥ ማዕርጉን ሊሰጥ አልቻለም። ዕድሜውን ሙሉ ልጆች ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ዓርብ ዕለት የስንብት ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ ሰኞ ጧት እንደ ልማዱ ገላውን ታጥቦ፣ ከረባቱን አስሮ፣ የሚሄድበት ያጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ጡረታ ወጣ ብሎ መተው፣ ለእርሱ በደል፣ ለትምህርት ቤቱም ኪሳራ ነው፤ መዝገብ ማደራጀት፣ ጀማሪ መምህራንን መምከር፣ ነገር መሸምገል የሚችል ሽማግሌ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሞልቷልና።

የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታን መብት ያገኘው እንኳ ዘግይቶ፣ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። የወር ደመወዝ የሌለው ገበሬና ሸማኔ ግን ዛሬም ጡረታው ልጁ ነው፤ ያም ልጅ ብዙ ጊዜ ወይ ከተማ ወይ ዐረብ አገር ነው። ሕግ የምታወጡ ሁሉ፣ እነዚህን ሽማግሎች አስቧቸው።