በእንጥልጥል የቀረ ድራማ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ በኋላ የተመልካቹን ሳምንት እንደ ተከታታይ ድራማ የተቆጣጠረ የሥርጭት ዓይነት ጥቂት ነው። «ገመና» እና ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. የታየው «ሰው ለሰው» ለዚህ ምስክር ናቸው፤ የአንድ ገጸ ባሕርይ ፊት ቀርቦ ሲታይ፣ ሙዚቃው ከፍ ሲልና «ይቀጥላል» የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ፣ አበበ ባልቻ የተጫወተው ክፉው አስናቀ መጨረሻው ምን እንደሚሆን የጠየቀ ቤተሰብ መልሱን ለሳምንት ይጠብቅ ነበር።

ይህ ጉጉት ከእነዚህ የቴሌቪዥን ድራማዎች በፊት በሬዲዮ ተፈትኗል። «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈ ሲሆን፣ የተጻፈውም በሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ዘዴ ነበር። በዚህ ዘዴ በጎው ገጸ ባሕርይ ይሸለማል፣ ክፉው ይቀጣል፣ በመካከል የሚዋልለውና «ተሸጋጋሪ» የሚባለው ደግሞ ቀስ በቀስ አንዱን መንገድ ይመርጣል፤ አድማጭ የሚማረው ከውጤቱ ስለሆነ ፍጻሜውን አድበስብሶ ማለፍ አይቻልም። አድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች መላካቸውም የገጸ ባሕርያቱ ዕጣ ምን ያህል እንዳሳሰባቸው ያሳያል።

ለዚህ ጉጉት ሥነ ልቦናዊ ማብራሪያም ሊኖር ይችላል፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሉማ ዛይጋርኒክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያልተፈጸመ ሥራ ከተፈጸመው ይልቅ በአእምሮ እንደሚቆይ ጽፋለች። የአሜሪካው ተከታታይ ድራማ «ሶፕራኖስ» እ.ኤ.አ. በ2007 በድንገት በጠቆረ ስክሪን ሲያበቃ ተመልካቹ ለዓመታት የተከራከረው ምናልባት ለዚህ ነው፤ ሆኖም ያ ፍጻሜ የደራሲው ምርጫ ነበር፣ ሁሉም ተመልካች እኩል አየው፣ እኩልም ተከራከረበት።

በትግራይ ዋና ከተማ በመቀሌ ተመልካቹን የገጠመው መቋረጥ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጡ፤ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ በኋላም ከተማዋ ከብሔራዊው የኃይል መረብ ተነጥላ፣ ዳግም የተገናኘችው ኅዳር 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ምግብና መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ስለ ድራማ ማሰብ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ ታሪኩ ሲቋጭ መቀሌ ላይ መብራት የጠፋበት ተመልካች በመካከል መቅረቱ፣ አብሮ ከማየትና አብሮ ከመከራከር መገለሉ ነው። የደራሲ ዝምታ ተመልካቾችን ያነጋግራል፣ የመብራት መጥፋት ግን ይለያያቸዋል፤ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ስህተት ነው።

የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ያሳዩአቸውን ድራማዎች ከትግርኛ የግርጌ ጽሑፍ ጋር፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረው እንደገና ሊያሳዩ ይገባል።